የኔነሽ በቁሟ በቃሬዛ የሄደች ዕለት

እትዬ የኔነሽ ስትቆጣ ያላየ ሰው ድሬዳዋ ለገሀሬ ሰፈር ውስጥ ካለ፣ ትናንት የመጣ ነው። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃምሳውን በእሷ ቁጣ ነው ያደግኩት። አንቱ ሳልላት ስቀር የሚከፋው አንባቢ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አያምርብንም፤ ሙቀቱ ነው መሰለኝ ንግግራችንን ያሳጠረው።

ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን ትኬት ቆራጭ ነበረች። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዚያች ባለ ፍርግርግ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ፣ ለኤረር፣ ለአይሻ፣ ለጅቡቲ፣ ለአዋሽ ስትቆርጥ ኖረች። አንድ ሕግ ነበራት። ትኬቱን ጮክ ብሎ ሳያነብ ከመስኮቷ የሚርቅ ሰው የለም! ቀኑን፣ የሚሄድበትን፣ ማዕረጉን። ማንበብ ለማይችል እሷ በጣቷ እያሳየች ታነብለታለች፤ ከዚያ ቃል በቃል ታስደግመዋለች። ከኋላ ሰልፉ ይንጫጫል፣ ባቡሩ ያፏጫል፣ እሷ ግን ምንም አይመስላትም።

አንድ ቀን ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ የሚሄድ ሃምሳ አለቃ ትኬቱን ኪሱ ከተተና ሊሄድ ሲል፣

«ወሪያ! አንብብ!» አለችው።

«እኔ የመንግሥት ወታደር ነኝ እኮ።»

«ወታደርም ያነባል!»

ሰልፉ ሳቀ። ሰውዬው እየተነጫነጨ አውጥቶ ሲያነብ፣ ቀኑ የነገ ሆኖ ተገኘ። የራሷ ስህተት ነው! ደነገጠች? ኧረ ወዲያ። «አየህ? እኔም ሰው ነኝ፣ እሳሳታለሁ። ለዚህ ነው አንብብ የምልህ» ብላ ሌላ ቆረጠችለት። ይህን ታሪክ ልብ ብላችሁ ያዙልኝ።

ባሏ የባቡሩ መካኒክ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም። የእህቷን ልጅ ዘርዓብሩክን ግን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አሳድጋ፣ አስተምራ፣ አዲስ አበባ ሰደደችው። እዚያው ሥራ ያዘ፣ ማርቲ የምትባል ልጅ አገባ። የቤቷን ቁልፍ ከልጅነቱ ጀምሮ በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ሲመጣ አያንኳኳም።

ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ደግሞ ቱሪያ ናት። ቱሪያ በወጣትነቷ ጅቡቲ እየተመላለሰች ልብስ ስትነግድ፣ ልጆቿ የሚበሉትም የሚተኙትም እትዬ የኔነሽ ቤት ነበር። ስለዚህ እትዬ የኔነሽ ጡረታ በወጣች ማግስት፣ እኛ «ሲያረጁ አምላክ ያውቃል» ብለን ስንቀመጥ፣ እሷ ጉዳዩን ቁጭ ብላ አሰበችው። የፊት ለፊቱ ክፍል ይከራያል፤ ኪራዩ ለመድኃኒት። ጡረታዋ ለቀለብ። አልጋ ላይ ከዋለች የምታገላብጣት ቱሪያ፤ ቱሪያም «እሺ ወላሂ» ብላ እጅ መትታላታለች። የምትሞተው በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ሙቀት፣ መስኮቱ ሥር ባለው አልጋ ላይ ነው።

ያማረ ዕቅድ ነበር! ግን ሁሉም በቃል ነው። ትኬት አስነብባ ያረጀች ሴት፣ የራሷን እርጅና አንድ መስመር ወረቀት ላይ አላሰፈረችም።

አምና ሰኔ ላይ ግቢዋ ውስጥ ወደቀች። ደም ግፊት ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ሽባ ሆኑ፤ እግሯ ጭራሽ አልታጠፍ አለ። ምላሷም ተሳስሮ ነበር። ሐኪሙ «ቀስ በቀስ ይመለሳል» ብሎ ነበር፤ እውነትም የመጀመሪያው ቃል የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ባለ ባጃጁ ሉቅማን በሯ ላይ ጡሩምባ ሲነፋ «ደደብ!» አለች፣ ጥርት አድርጋ። ሰፈሩ በደስታ ጮኸ። ሉቅማን ራሱ ለስላሳ ገዝቶ አከፋፈለ።

ዘርዓብሩክ በዚያው ሰሞን መጣ። አለቀሰ። የእውነት ነው ያለቀሰው፣ አልዋሽም። «ጡረታዋን የሚቀበልላት ሰው ያስፈልጋል፣ ውክልና እናሠራ» አለ። ማን ይቃወማል? ሰነድ የሚያረጋግጠው ቢሮ ሄዶ አስመዘገበ፤ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ሰነዱንና የቀለም ሣጥኑን ይዛ ቤት ድረስ መጣች። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር።

አሁን የማወራው የራሴን ነውር ስለሆነ በደንብ ስሙኝ። ድሬ ላይ ስድስት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ የበላው ይተኛል፣ ያልተኛው ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሰው ሰው አይደለም። ምስክር ተብለን የተጠራነው እኔ፣ ሉቅማንና የአፎሻችን ሰብሳቢ ሐጂ አብዲቃድር ነን። አፎሻ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ሰፈር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ አፎሻ ነው የሚቀበረው።

ልጅቷ ማንበብ ጀመረች። «የጡረታ አበሌን እንዲቀበልልኝ…» አንዱ ገጽ አለቀ፣ ሁለተኛውን ገለጠች። እኔ፣ ይሄ አፌ ይቆረጥና፣ «አቦ ይበቃል የኔ እህት! የጡረታ ጉዳይ አይደል? ገብቷታል» አልኩ።

«ማንበብ ግዴታዬ ነው» አለችኝ ልጅቷ፤ እስከ መጨረሻው አነበበች። ጥፋት የለባትም። የሰማት ግን የለም! ሐጂ ለሰላት ተነስተው ጫማቸውን ይፈልጋሉ፤ ሉቅማን ደጅ ወጥቶ ባጃጁን አስነስቷል፤ እኔ ስለ ምሳ አወራለሁ።

እትዬ የኔነሽ በዚያ በተሳሰረ ምላሷ «ም…ን አለች?» ስትል፣ ዘርዓብሩክ «ያው የጡረታሽ ነገር ነው» አላት። ልጅቷም ቀጥ ብላ «ተስማምተዋል እማማ?» ብላ ጠየቀቻት። እትዬ የኔነሽ የልጇን ፊት አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። የግራ እጇን አንስቼ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ ያስነካሁት እኔ ነኝ። በዛብህ እባላለሁ። ስሜንም ጻፉት።

አስራ አንድ ወር አለፈ። ቱሪያ ታጥባታለች፣ ታገላብጣታለች፣ ትመግባታለች። ምላሷ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፤ እንዲያውም ትርፍ ይዞ ነው የተመለሰው።

ግንቦት ላይ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጉሌድ የሚባል ነጋዴ ሜትር ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ጨዋ ሰው ነው። «እማማ፣ ቤቱን ለክቼ ልውጣ» አላት።

«የማንን ቤት?»

«ይሄንን። ከወኪልዎ ከዘርዓብሩክ ጋር ተስማምተናል። ሐሙስ ጠዋት ይመጣል፤ ስሙን ወደኔ እናዛውራለን። እርስዎ ያውቃሉ ብሎኛል።»

የውክልናውን ቅጂ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ቱሪያ መነጽሯን አደረገችላት። ጠርታኝ ስደርስ ሁለተኛውን ገጽ እያነበበች ነው። «ቤቴን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ የሽያጩን ዋጋ ለመቀበል…» ከታች ያች የግራ አውራ ጣት አሻራ፣ ትንሽ ዘመም ብላ፣ እኔ እንዳስቀመጥኳት።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። እኔን አየችኝ። ስድቧን በሰጠችኝና በተገላገልኩ! ከዚያ ቱሪያን «ደውይልኝ» አለቻት።

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ሆነ።

«እትዬ! እንዴት አደርሽ?»

«ሜትር ይዞ የመጣ ሰው አለ።»

 «ልነግርሽ ነበር። መጥቼ፣ ቁጭ ብለን…»

«ሐሙስ? ከተሸጠ በኋላ?»

«እትዬ፣ ስሚኝ። ቱሪያ ራሷ ስልሳ ሊሆናት ነው። ነገ እሷ ወገቧን ብትያዝ ማን ያነሳሻል? ብቻሽን ወድቀሽ ልትገኚ ነው? እኛ ጋ ትመጫለሽ። ማርቲ ክፍል አዘጋጅታለች። ገንዘቡም ለሕክምናሽ ነው፣ እናንተ ጋ ያለው ኑሮ…»

«የት ነው ክፍሉ?»

«እኛው ቤት። ኮንዶሚኒየሙ።»

«አራተኛ ፎቅ! አራተኛ ፎቅ ላይ እንደ ውሃ ታንከር ልትሰቅለኝ ነው? በዚያ ብርድ? ደረጃውን ማን ያወርደኛል፣ የሰፈሩ ሰው እንዴት ዋልሽ የሚለኝ በየት በኩል ነው?»

«ለአንቺ አስቤ ነው።»

«ማርቲን ጠየቅካት?»

«አዎ፣ ተስማምታለች።»

«ገዢውን ጠየቅከው?»

«እትዬ…»

«ደላላውንም ጠይቀሃል። እኔን ነው ያልጠየቅከኝ! እግሬ እንጂ ጭንቅላቴ መቼ ሽባ ሆነ?»

ቱሪያ ስልኩን ዘጋችው። ልጁ ውሸታም አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይሄ ነው። ስለ ቱሪያ ወገብ ያለው እውነት ነው። ብቻውን ወስኖ፣ ውሳኔውን በሁለተኛ ገጽ ውስጥ ደበቀው።

ቢሮ ደወልኩ። «ውክልናውን በማንኛውም ሰዓት መሻር መብቷ ነው» አሉኝ። ቤት ድረስ መምጣትም ይችላሉ፤ ግን ብዙ ታማሚ ተመዝግቧል፣ ተራው የሚደርሰው ሰኞ ነው። ሽያጩ ሐሙስ ነው። ካልሆነ ራሷ ትምጣ አሉ። ቢሮው ከዚራ ሰፈር ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። እግሯ አይታጠፍም፣ ባጃጅ አያስገባትም።

ይህን ስነግራት «አፎሻውን ጥራልኝ» አለች።

ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ግቢዋ ሞላ። ሐጂ አብዲቃድር ከፊት ተቀመጡ። እሷ አልጋዋ በሩ ላይ ወጥቶላት፣ ሦስት ትራስ ተደግፋ፣ ልክ እንደ ድሮው መስኮት ላይ ሆነች።

«ሐጂ፣ ስንት ወንበር አለን?»

«ሁለት መቶ አርባ፣ ማሻአላህ።»

«ድንኳን?»

«ሦስት። አንዱ አዲስ ነው።»

«ትልልቅ ድስት?»

«አስራ ስምንት።»

«ጎማ ያለው ወንበርስ?»

ሐጂ ከዘራቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። 

«አርባ ዓመት ከፈልኩ! ለሬሳዬ ድንኳን አለ፣ ለለቀስተኛው ወንበር አለ፣ ለንፍሮው ድስት አለ! እኔ ግን ገና ነኝ! ገና ሰው ነኝ! ከአልጋዬ ሽንት ቤት ድረስ የሚያደርሰኝ አንድ ጎማ ሳትገዙ፣ ብሞት መቶ ሰው ይቆምልኛል። መሞቴን ነው እንዴ የምትጠብቁት? እናንተስ አታረጁም? ሐጂ፣ አንተ ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደረጃ ላይ ትንሽ ይይዘኛል» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው።

«ቃሬዛ ስንት አለን?»

«ሁለት።»

«አንዱን አምጡልኝ።»

ጉርምርምታ ሆነ። ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «አቦ የኔነሽ፣ ሕይወት ያለው ሰው በሬሳ ቃሬዛ! ደግ አይደለም፣ መጥፎ ገድ አለው።»

«ገዱ የኔ ነው! ብሞት ትሸከሙኝ የለም? እንግዲያው ዛሬ ተሸከሙኝ። የቀብሬን ተራ በቁሜ ፈልጌዋለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ከፊት ነህ በዛብህ። ጣቴን አንስተሃል፣ አሁን እኔን አንሳኝ።»

ተነሳን። ፍራሽ አነጠፍን፣ ትራስ አደረግን። እኔና ሉቅማን ከፊት፣ ሁለት ጎረምሶች ከኋላ። ቱሪያ ጃንጥላ ይዛ ከጎን፣ ሐጂ በከዘራ ከኋላ።

አሁን የድሬን ሰው ታውቁታላችሁ። ቃሬዛ ሲያልፍ የተቀመጠ ይነሳል፤ የሚሄድ ቆም ብሎ ጥቂት እርምጃ ያጅባል፤ ጉልበት ያለው ገብቶ ትከሻውን ይሰጣል። ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም፣ መጀመሪያ ይሸከማል። መንገድ ስንወጣ ሱቆቹ ራዲዮናቸውን ዘጉ። አንድ አዛውንት ቆባቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ።

እትዬ የኔነሽ ከትራሷ ቀና ብላ «የራስዎን ይማር! እኔ ቢሮ ነው የምሄደው!» አለች።

አዛውንቱ ግድግዳ ተደገፉ።

ወተት ሻጯ ደሄቦ ጀሪካኗን አስቀምጣ እያለቀሰች ተከተለችን። «ማነው የሞተው? ወላሂ ማነው?»

«ማንም! ዝም በይ ደሄቦ፣ ወተትሽ ይበላሻል!»

ደሄቦ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ መከተሏን ግን አልተወችም። የማላውቃቸው ሰዎች እየገቡ ትከሻ ይቀይሩናል። የተሸከሙት «ሬሳ» ሲያናግራቸው አንዱ ጩኸቱን ለቆ ሊጥላት ነበር፤ «በደንብ ያዝ! እንቁላል አይደለሁም፣ ግን እሰበራለሁ!» አለችው። ከዚራ የዛፎቹ ጥላ ሥር ስንደርስ ሃምሳ ሰው ሆነናል። እያንዳንዱ ለጎኑ ሰው ይነግራል፦ «ልጇ ቤቷን ሊሸጥባት ነው»፣ «ሳታውቅ አስፈርመዋት ነው»፣ «እነማን?» ይባላል። እኔ ከፊት ነኝ፣ አንገቴን ደፍቼ እሄዳለሁ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።

ደረጃው! አቤት ደረጃው! «ከፍ አድርግ በዛብህ! የሽንኩርት ጆንያ መሰለህ? ሉቅማን፣ ባጃጅ አይደለም፣ ቀስ!» እያለች ሁለት ፎቅ ወጣን።

ያችው ወጣት ሠራተኛ ነበረች። ቃሬዛውን ስታይ ቆመች፤ ፊቷን ስታይ አወቀቻት። መሻሪያውን አዘጋጀች። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ ምሳ ሲቃረብ ሰዓት ማየት ከሃያ ዓመት በላይ የለመደብኝ ነው። አምስት ተኩል።

«ሰዓት የሚያይ ሰው ካለ ይውጣ» አለች እትዬ የኔነሽ፣ ጣሪያውን እያየች። «ማንም አይቀመጥም። አንብቢው ልጄ።»

ልጅቷ አነበበች፤ በእንዲህ ያለ ቀን ለዘርዓብሩክ የሰጠሁት ውክልና ሙሉ በሙሉ ተሽሯል፣ ከእንግዲህ በስሜ ምንም ሊሠራ አይችልም የሚል ነው።

«ድገሚው።»

ደገመችው።

«በዛብህ፣ ምን አለች?»

ቃል በቃል ተናገርኩ። ቀኑን ረሳሁ። «ቀኑስ?» አለችኝ። እንደገና ከመጀመሪያው። አዛን ከውጭ ይሰማል፤ ሐጂ አልተንቀሳቀሱም። እንዲህ የቆምኩት ትምህርት ቤት ሳለሁ ብቻ ነው።

ቀለሙ ሲመጣ እጄን ዘረጋሁ። «አትንካኝ» አለች። በግራ እጇ ራሷ ሣጥኑን ፈለገች፤ ጠረጴዛውን አበላሸች፤ ከዚያ አውራ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጫነችው። ቀጥ ብሎ አረፈ።

«ቅጂውን ለወኪልዎም ለገዢውም ዛሬ ያድርሱ» አለች ሠራተኛዋ። ለጉሌድ ሉቅማን በዚያው ቀን በባጃጁ አደረሰለት፤ የዘርዓብሩክን ግን እሷው ጋ አስቀረችው።

«ሌላም አለ» አለች እትዬ የኔነሽ። «ለቱሪያ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፊ። ጡረታዬን መቀበል። የክፍሉን ኪራይ ተቀብሎ መድኃኒቴን መግዛት። ሆስፒታል ስገባ ስለኔ መናገር። መሸጥ የሚል ቃል እንዳይገባ፣ በስህተትም!»

ቱሪያ ፊቷ ተቀየረ። «እትዬ፣ እኔን ተይኝ። ሰው ለቤቱ ብላ ነው የምታጥባት ይላል።»

«ይበል! ቤቱን አንቺም አታገኚውም። የምታገኚው እኔን ነው።»

ቱሪያ መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ፈረመች። የቤቱን ኑዛዜ ለብቻው፣ በሌላ ቀን፣ ምስክሮቹን መርጣ እንደምታደርገው ነገረችን። «ምስክሮቹ ምሳ በልተው ይመጣሉ» አለች፣ እኔን እያየች።

ሐሙስ ጠዋት ዘርዓብሩክ ደረሰ። ጉሌድ ትናንት የደረሰውን ቅጂ ይዞ አስቀድሞ መጥቶ ነበር። እትዬ የኔነሽ መንገድ ዳር ባለው መስኮት፣ ከብረቱ ጀርባ፣ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። ልጁ ወደ በሩ ሊያልፍ ሲል ወረቀቱን በፍርግርጉ መሃል አሾለከችለት።

«አንብብ።»

«እትዬ፣ መጀመሪያ ልግባና…»

«ጮክ ብለህ።»

መንገዱ ላይ ሰው ቆሟል። አነበበ። መጀመሪያ በጥድፊያ፣ ኋላ በዝግታ።  ጉሌድ የራሱን ቅጂ ኪሱ ከተተና «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ሄደ።

«ለአንቺ ፈርቼ ነው» አለ ዘርዓብሩክ። «ስልክ በጮኸ ቁጥር ሞትሽ የሚሉኝ ይመስለኛል።»

«እኔም አዲስ አበባ ስሰድህ ፈርቼ ነበር። ፍርሃቴን ግን ለአንተ ነገርኩህ፤ ቤትህን አልሸጥኩብህም።»

 ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ርቦሃል?» አለችው፣ ያው በቁጣ ድምፅ።

«አዎ።»

«ምሳ አለ። ቁልፉን አምጣ።»

ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የያዘውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ አገላብጦ አየው፤ በፍርግርጉ አሳለፈላት። በግራ እጇ ተቀበለችው። ከዚያ ዞሮ በሩን አንኳኳ፤ ቱሪያ እጇን ታጥባ እስክትከፍትለት ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ።